የካሚሪቱ መንደር ተዋንያን

«አማተር» የሚለው ቃል በእኛ የቴአትር ሰፈር እምብዛም ክብር ያለው ቃል አይደለም። ተውኔቱ ያልጣመው ተመልካች «የአማተር ሥራ!» ብሎ እያጉረመረመ ይወጣል። ተዋናዩም ቢሆን ዕድል ቀንቶት ከትልቁ መድረክ የደረሰ ዕለት፣ በቀበሌ አዳራሽ ያሳለፋቸውን ዓመታት እንደ ልጅነት ጨዋታ ቆጥሮ ሊረሳቸው ይሻል። አማተር ማለት ለብዙዎቻችን ያልበሰለ፣ ያልሠለጠነ፣ ደመወዝ ያልተቆረጠለት ማለት ነው። የቃሉን ሥር ተከትለን ብንሄድ ግን ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ፍችውም «ወዳድ» ነው። ለእንጀራው ሳይሆን ለፍቅሩ የሚሠራ ሰው ማለት ነው።

እኔም ብዕሬን ያነሣሁት ስለ አንድ እንዲህ ያለ የወዳዶች ቡድን ለማውጋት ነው። ቡድኑ የጎረቤታችን የኬንያ ነው። በገዛ መድረኩ ለሕዝብ ያሳየው ተውኔት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሰባት ሳምንት ሳይሞላው ተከለከለ። ይሁንና በዚህ ቡድን የተነሣ አንድ ስመ ጥር ደራሲ ያለ ፍርድ ታሰረ፤ ሦስት ምሁራን አገር ጥለው ተሰደዱ፤ ሁለት ሺህ ሰው የሚይዝ ቴአትር ቤት በፖሊስ ፈረሰ። ለመሆኑ የገበሬና የወዛደር ቡድን አንድን መንግሥት ይህን ያህል የሚያስፈራው በምን ምክንያት ነው? ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

መንደሩና እሑድ የምትመጣው ሴት

ካሚሪቱ ከናይሮቢ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሊሙሩ ደጋ ላይ የምትገኝ መንደር ናት። አመሠራረቷ እንደ ሌላው መንደር በዝምድናና በጉርብትና አይደለም። በ1952 እንግሊዞች በማው ማው ዐመፅ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጁ በኋላ፣ ገበሬው ለአርበኞቹ ስንቅ እንዳያቀብል ተበታትኖ ከሚኖርበት እያስነሡ በጥበቃ ሥር ባሉ መንደሮች ውስጥ አጎሩት። ካሚሪቱም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ነጻነት በ1963 ሲመጣ አጥሩና ዘቡ ተነሣ፤ መንደሩ ግን በዚያው ቀረ። ነዋሪውም በአካባቢው ሻይ እርሻዎች በቀን ሠራተኛነት፣ በባታ ጫማ ፋብሪካ በወዛደርነት፣ ወይም በቁራሽ መሬቱ ላይ ኑሮውን የሚገፋ ሆነ። ሥራ ፈት ወጣቱም ብዙ ነበር። ለወጣቶች ማእከል ተብሎ ከተከለለው ሜዳ ላይ የነበረው አንድ ያረጀ የጭቃ ቤት ብቻ ነው።

ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1938 የተወለደው በዚሁ በሊሙሩ ነው። በ1976 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ኃላፊ፣ በእንግሊዝኛ በጻፋቸው ልብ ወለዶች ስሙ ባሕር የተሻገረ ሰው ነበር። አንድ ማለዳ አንዲት የካሚሪቱ ሴት ቤቱ ድረስ መጣችና፣ ተምረሃል፣ መጻሕፍትም ትጽፋለህ ይባላልና ከዕውቀትህ ለመንደሩ ለምን አታካፍልም የሚል ጥያቄ አቀረበችለት። በቀጣዮቹም እሑዶች እየተመላለሰች ነዘነዘችው። ንጉጊ ታሪኩን ሲተርክ የሁሉ ነገር መነሻ እሷ እንደሆነች አልሸሸገም። እኔን የሚገርመኝም ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ እንዲህ ዓይነት ቡድን ሲወራ «ምሁሩ ወደ ሕዝቡ ወረደ» ይባላል። በካሚሪቱ ግን ሕዝቡ ነው ወደ ምሁሩ በር ሄዶ ያንኳኳው።

ንጉጊ እሺ አለ። በጎልማሶች ትምህርት የሠራው ንጉጊ ዋ ሚሪና የዩኒቨርሲቲ ባልደረባው ኪማኒ ጌቻው አብረውት ተሰለፉ። የማእከሉን ሥራ የሚመራው ኮሚቴ አብዛኛው አባል ግን ገበሬና ወዛደር ነበር። ሥራቸውንም የጀመሩት በቴአትር ሳይሆን በፊደል ነው። ጎልማሶቹ ማንበብና መጻፍ ሲማሩ ስለ መሬታቸው፣ ስለ ደመወዛቸው፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ በገዛ ቋንቋቸው ይወያዩ ጀመር። ቴአትሩ የተወለደው ከዚህ ውይይት ነው፤ ማእከሉ ገቢ እንዲያገኝ፣ የተማሩትም የሚያነቡትና የሚናገሩት ነገር እንዲኖራቸው ታስቦ። በ1976 መጨረሻ ላይ ሁለቱ ንጉጊዎች ተውኔት እንዲጽፉ ታዘዙ። ትእዛዙን የሰጠው መንደሩ ነበር።

የቋንቋ ነገር

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የኬንያ ብሔራዊ ቴአትር በሩን የከፈተው በዚያው በ1952፣ አዋጁ በታወጀበት ዓመት ነው። ከነጻነት በኋላም ቢሆን መድረኩ በአብዛኛው በውጭ አገር ሰዎች፣ ያውም በአማተር ቡድኖቻቸው እጅ ቆይቷል። ንጉጊ ከሚቼሬ ሙጎ ጋር ስለ ማው ማው መሪ ስለ ዴዳን ኪማቲ የጻፉት ተውኔት በ1976 ለመድረክ ሲቀርብ ቤቱ ለአውሮፓውያን ትርዒት ተይዟልና ጥቂት ምሽቶች ብቻ ነበር የተፈቀደለት። ያም ተውኔት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

ካሚሪቱ ላይ ግን እንግሊዝኛ አላዋጣም። ተዋናዩም ተመልካቹም ጊኩዩ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ንጉጊ ብዙ ዓመት በእንግሊዝኛ ከጻፈ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቱ ቋንቋ ተውኔት ለመጻፍ ተቀመጠ። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ትልቅ ነገር ላይመስለን ይችላል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላን ሲጽፉ «በየትኛው የአውሮፓ ቋንቋ ልጻፍ?» ብለው አልተጨነቁም፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡትም እንዲሁ። ያለ ልፋት ያገኘነው ጸጋ ስለሆነ ዋጋውን አናውቀውም። ነገር ግን የገዛ ቋንቋ ከጸጋው ጋር አደጋም አለው። ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ የተነገረ ነገር ሕዝብ ጆሮ ይደርሳል፤ ሹማምንትም ጆሮ ይደርሳል። ፋቡላም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የተከለከለው ተመልካቾቹ ነገሩ ስለገባቸው እንጂ ስላልገባቸው አልነበረም።

ልምምዱ

የተውኔቱ ስም «ንጋሂካ ንዴንዳ» ነው፤ «ባሻኝ ጊዜ አገባለሁ» እንደ ማለት። ኪጉንዳ የሚባል ድሀ ገበሬ አንድ ሄክታር እንኳ የማትሞላ መሬት አለችው፤ የመሬቱንም የባለቤትነት ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እንደ ሥዕለ አድኅኖ ይጠብቃታል። ሀብታሙ አሠሪው ኪዮይ ልጁ የኪጉንዳን ልጅ ይዞ መዞር ሲጀምር፣ ኪጉንዳና ሚስቱ ጋብቻ የታሰበ መስሏቸው ራሳቸውን ለቁም ነገር ያዘጋጃሉ። በባህል የተጋቡት ባልና ሚስት እንደገና በቤተ ክርስቲያን እንዲጋቡ ይመከራሉ፤ ለድግሱም መሬቲቱን አስይዘው ከባንክ ይበደራሉ። በመጨረሻ ልጅቷ አርግዛ ትጣላለች፤ መሬቲቱም ትሸጣለች፤ ገዢውም ያው ኪዮይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ታሪክ ለሊሙሩ ሰው ልብ ወለድ አይደለም።

ጽሑፉ በ1977 ጸደይ ለመንደሩ ሲነበብ ማንም ዝም ብሎ አልተቀበለም። ሽማግሌው «በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ ብሎ አይናገርም፤ ምሳሌውም የልጅ ምሳሌ ነው» እያለ የዩኒቨርሲቲውን መምህር ጊኩዩ አረመው። ወዛደሩ የፋብሪካውን ነገር፣ የቀን ሠራተኛዋ የሻይ ለቀማውን ነገር አስተካከሉ። «ጊቲሮ» የሚባለውን የሠርግ ዘፈን ሥርዓት ያስገባችው ማንበብና መጻፍ የማታውቅ አንዲት አሮጊት ናት፤ እሷ ቃል በቃል ስትነግራቸው ደራሲዎቹ ጻፉ። ለትርዒቱ ጠመንጃ ከእንጨት ማበጀት ሲያስፈልግም በማው ማው ዘመን ለአርበኞቹ እውነተኛ ጠመንጃ ይሠራ የነበረ ሰው ከመካከላቸው ተገኘ።

ልምምዱ በሰኔ ተጀመረ። ሥራቸው እንዳይበደል ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር የሚለማመዱት፤ እሱም በተዘጋ ቤት ውስጥ ሳይሆን በሜዳው ላይ። ተዋናይ የሚመረጠውም በሕዝብ ፊት ነው። ሜዳው ዳር የቆመ ሁሉ ያያል፣ ይስቃል፣ ያርማል፤ «እሱስ አይሆንም፣ እገሌ ይሻላል» ይላል። በአንድ በኩል ሲለማመዱ በሌላ በኩል ቴአትር ቤታቸውን ይሠሩ ነበር። ወጣቶቹ በክብሪት እንጨት ሞዴል ሠሩ፤ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ቆፍረው፣ ራሳቸው አጥረው፣ ጣሪያ የሌለው ሁለት ሺህ መቀመጫ ያለው ቴአትር አቆሙ። ከውጭ የመጣ መሐንዲስ አልነበረበትም።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። ተውኔቱ ለእይታ በበቃበት ዕለት ከተመልካቹ ብዙው ቃሉን በቃሉ ያውቀው ነበር። የማን ድርሰት ነው ቢባል «የእኛ» ከማለት የማይመለስ ሕዝብ ነበር አግዳሚ ላይ የተቀመጠው።

ከጥቅምት እስከ ኅዳር

ተውኔቱ የተከፈተው እሑድ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1977 ነው፤ የማው ማው ትግል የተጀመረበትን 25ኛ ዓመት ለማሰብ። የሊሙሩ ምሽት ብርድ ስለሚበዛበት የሚታየው በቀን ነበር። ወሬው ሲናኝ ከሌላ አካባቢ በኪራይ አውቶቡስና በታክሲ የሚመጣው ሰው በረከተ። ኖቬምበር 16 ቀን የኪያምቡ አውራጃ አስተዳደር የሕዝብ ጸጥታን ምክንያት አድርጎ ፈቃዱን ሰረዘ። ዲሴምበር 31 ቀን ፖሊሶች ንጉጊን ከቤቱ ወሰዱት። ክስ አልቀረበበትም፤ ፍርድ ቤትም አልቆመም። የእሥራት ትእዛዙ ላይ የፈረሙት በጊዜው ምክትል ፕሬዚዳንትና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዳንኤል አራፕ ሞይ ናቸው። በካሚቲ ወኅኒ ቤት አንድ ዓመት ያህል በቁጥር እየተጠራ ኖረ፤ ኬንያታ ሞተው ሞይ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ዲሴምበር 12 ቀን 1978 ተፈታ። በመጸዳጃ ቤት ወረቀት ላይ በጊኩዩ የጻፈውንም ልብ ወለድ ይዞ ወጣ። የዩኒቨርሲቲ ወንበሩ ግን አልተመለሰለትም።

ምን ነበር የተፈራው?

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «ደራሲው ነዋ!» የሚል ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሦስት ነገሮች ይህን መልስ ያፈርሱታል።

አንደኛው ይኸውላችሁ። በዚያው በ1977 በሐምሌ ወር የንጉጊ «የደም አበባ ቅጠሎች» የተባለው ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ታተመ። መጽሐፉ ከነጻነት በኋላ የመጡትን ባለሀብቶችና ባለሥልጣናት ያለ ርኅራኄ የሚሸነቁጥ ነው፤ ከተውኔቱ ቢብስ እንጂ አያንስም። ሆኖም የምረቃው ዕለት በክብር እንግድነት የመረቁት የገንዘብ ሚኒስትሩ፣ በኋላም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ምዋይ ኪባኪ ነበሩ። ያው ደራሲ፣ ያው ዓመት፣ ያው ሐሳብ፤ በሐምሌ ሚኒስትር መረቀው፣ በታኅሣሥ ፖሊስ ወሰደው።

ሁለተኛው፣ ቃሉ ራሱ ነው የተፈራው እንዳንል የተውኔቱ ጽሑፍ በ1980 በጊኩዩ መጽሐፍ ሆኖ ኬንያ ውስጥ ታተመ፤ በነጻም ተሸጠ። የእሥር ቤቱ ልብ ወለድም በዚያው ዓመት ወጥቶ በየቤቱና በየመጠጥ ቤቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። ቃሉ መጽሐፍ ሆኖ መሸጥ ይችላል፤ መንደርተኛው ተሰብስቦ እንዲተውነው ግን አይፈቀድም።

ሦስተኛው የሁሉንም መደምደሚያ ይነግረናል። ቡድኑ ተስፋ አልቆረጠም። በ1981 መጨረሻ «ማይቱ ንጁጊራ» («እናቴ፣ ዘምሪልኝ») የሚል፣ በ1920ዎቹና 30ዎቹ የነበረውን የቅኝ ግዛት ግፍ የሚያሳይ፣ በተለያዩ የኬንያ ብሔረሰቦች ዘፈን የተሞላ ተውኔት ጀመረ። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1982 በብሔራዊ ቴአትር ሊከፍቱ ሲሄዱ በሩ ተዘግቶ ፖሊስ ቆሞበት አገኙት። ወደ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ተመልሰው ልምምዳቸውን ቀጠሉ። ልምምድ ነው የተባለውን ለማየት የመጣው ሰው ከአሥር ሺህ በላይ ነበር። እሱም ተከለከለ። ማርች 11 ቀን መንግሥት የካሚሪቱን የትምህርትና የባህል ማእከል ከሕግ ውጭ አደረገ፤ በማግስቱ በካሚዮን የመጡ የታጠቁ ፖሊሶች ቴአትር ቤቱን መሬት አስተካከሉት። በቦታውም የሙያ ማሠልጠኛ ተተከለ።

እንጨቱና ቀርከሃው ምን ወንጀል ነበረው? አንድም ቃል አልተናገረም። ነገር ግን ሰው የሚገናኝበት፣ ከተገናኘም በኋላ እየተራረመ የሚሠራበት ስፍራ ነበር። የባለሙያ ቴአትር ቢሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ አለቃውን ጠርቶ ማስፈራራት፣ በጀቱን ማጠፍ፣ ደራሲውን በሹመት ማባበል ይቻላል። የካሚሪቱ ቡድን ደመወዝ የለው ምን ይቆረጥበታል? ሹመት የለው ከምን ይሻራል? ደራሲውን አሠሩት፤ ቡድኑ ግን ጠበቀውና ሁለተኛ ተውኔት ይዞ ተነሣ። ያን ጊዜ ነው ዋናው ነገር ደራሲው እንዳልሆነ ሹማምንቱ የተረዱት፤ ስለዚህም ቤቱን አፈረሱት።

የእኛና የእነሱ

የካሚሪቱን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር አንድ ነገር ይታወሰኛል። እንደ ብዙው የዘመኔ ሰው ቴአትርን መጀመሪያ ያየሁት በቀበሌ አዳራሽ ነው። ከ1974ቱ (በእኛ 1966) አብዮት በኋላ በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ከዚያ መካከል ብዙ ድምፃውያንና ተዋንያን መውጣታቸውን ማንም አይክደውም፤ የልጆቹም ፍቅር እውነተኛ ነበር። የሚተውኑት ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ይመጣላቸው ነበር፤ ከላይ የመጣውንም የሚያርም ሽማግሌ ሜዳው ዳር አልቆመም። መንግሥቱ በ1991 ሲወድቅ ብዙዎቹ አብረው ተበተኑ። የካሚሪቱ ቡድን በራሱ ፈቃድ ተሰብስቦ በትእዛዝ ተበተነ፤ የእኛዎቹ በትእዛዝ ተሰብስበው ትእዛዙ ሲቀር ተበተኑ። ልዩነቱ የችሎታ አይደለም። የባለቤትነት ነው።

ሌላም የሚቆጨኝ ነገር አለ። የካሚሪቱን ታሪክ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በንጉጊ መጻሕፍት፣ በንጉጊ ስም ነው። እሱ ራሱ ደጋግሞ ባለቤቱ መንደሩ እንደነበር ጽፏል፤ ሆኖም ታሪክ የስመ ጥሩን ስም ይወዳልና ጊቲሮውን ያስተማረችው አሮጊት፣ ጠመንጃውን የጠረበው አርበኛ፣ በሰልፍ ከሻይ እርሻ መጥታ የምትተውነው ሴት ከስሙ ጀርባ ቀርተዋል። የወዳዶች ቡድን ዕጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1982 ወደ ለንደን እንደሄደ ቢመለስ እንደሚታሰር ሰምቶ በስደት ቀረ። ንጉጊ ዋ ሚሪና ኪማኒ ጌቻውም ወደ ዚምባብዌ ተሰደው በዚያ የማኅበረሰብ ቴአትር እንዲስፋፋ ከደከሙት መካከል ሆኑ፤ ሚሪ በ2008 በመኪና አደጋ በዚያው አረፈ። «ንጋሂካ ንዴንዳ» ግን በግንቦት 2022 ወደ ኬንያ ተመለሰ፤ ያውም በ1982 በሩን ከዘጋባቸው ከብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ፣ በጊኩዩና በእንግሊዝኛ። የተወኑት የናይሮቢ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሕዝቡም ወዶላቸዋል። ደራሲው ከሦስት ዓመት በኋላ በግንቦት 2025 በአሜሪካ በ87 ዓመቱ ዐረፈ።

ተውኔቱ መመለሱ ደስ ያሰኛል። ግን የፈረሰው ተውኔቱ አልነበረም። የፈረሰው ሽማግሌው ደራሲውን የሚያርምበት፣ አሮጊቷ የምታዝዝበት፣ ተመልካቹ ቃሉን አስቀድሞ የሚያውቅበት ሜዳ ነው። እሱን የሚመልሰው ታላቅ ቴአትር ቤት አይደለም፤ እንደዚያች ሴት እሑድ እሑድ እየሄደ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው። በየሰፈራችንም ልጆች በአጥር ሥር ተሰብስበው አንድ ተውኔት ሲለማመዱ ብናይ፣ «አማተሮች ናቸው» ብለን ከማለፋችን በፊት ጥቂት ቆም ብንል ምን ይለናል? ስሕተት ካየንም ተጠግተን እንንገራቸው።